እንባ የተባለችው ልጅና እናቷ



ከአዲስ አበባ ወደ ራያ የሚወስደውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ መርሳ እያለ ወልድያ ያደርሳል። ከወልድያ ወደ ቆላው ስትወርዱ ሙቀቱ በመኪናው መስኮት ይቀበላችኋል፤ ማሽላውም ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይታያል። ቆቦ ሳትደርሱ ጎብዬን ታገኛላችሁ። እኔ የዚያች አገር ልጅ ነኝ።

አንድ ጊዜ የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ እናቴን ልጠይቅ ወደ ጎብዬ ሄድኩ። ልጄ በመንገድ ላይ ደክማ ጭኔ ላይ ተኝታለች። እኔ በአንድ እጄ እሷን፣ በሌላው የውኃ ፕላስቲኩን ይዤ ስለ አንዲት ሌላ እናት አስብ ነበር። ይህች እናት በዚህ አካባቢ ስም ባይኖራትም፣ ባሏ ግን በአገራችን የወንጌል ታሪክ ውስጥ በጣም የታወቀ ሰው ነው። ዛሬ የሁለቱን ታሪክ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። የምጽፈው ግን እንደ ታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ እናት ነው።

በወሎ መንገድ ላይ የተዘረፈው ሰው

ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1810 በጀርመን አገር ቱቢንገን ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ ሥር ሆኖ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ትግራይ ውስጥ ብዙም ሳይቆይ በ1838 ከጓደኞቹ ጋር ተባረረ። እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1839 በታጁራ በኩል ዞሮ ሸዋ ገባ፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀምጦ ልጆች አስተማረ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት አደለ፣ የኦሮምኛ ቋንቋ አጥንቶ ከወንጌል ክፍሎችን መተርጎም ጀመረ።

በመጋቢት 1842 ከአንኮበር ተነስቶ ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመረ። ወሎ ሲደርስ አዳራ ቢሌ የተባለ የአካባቢው ባላባት በመጀመሪያ በክብር ተቀበለው፤ ኋላ ግን አስሮ ያለውን ሁሉ ዘረፈው። ክራፕፍ ባዶ እጁን ተለቅቆ በሐይቅና በየጁ አልፎ፣ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አድርጎ፣ የሰው እጅ እያየ ምጽዋ ደረሰ። ወገኖቼ፣ ይህ እንግዲህ የእኛው አገር ነው! የጁ ከጎብዬ በስተደቡብ፣ አሸንጌም በስተሰሜን ነው። ለዚያ ለተራበ መንገደኛ እንጀራ የቆረሱለት እናቶች የእኛ አያቶች ጎረቤቶች ነበሩ።

በዚህ ሁሉ ብቸኝነት ውስጥ አንድ ነገር ገባው። ሚስት የሌለው ሚስዮናዊ በዚህ ሥራ ብዙ ሊዘልቅ እንደማይችል አመነ። ስለዚህ ከምጽዋ ወደ ግብጽ ተሻገረ።

ሮዚና

ሮዚና ዲትሪኽ የባዝል ከተማ ሴት ነበረች። ቀደም ሲል ወደ ኢትዮጵያ ሊመጣ ለተነሳ ሌላ ሚስዮናዊ ታጭታ ነበር፤ እርሱ ግን አገራችንን ሳያይ በመንገድ ማርሴይ ላይ ሞተ። እስቲ አስቡት፤ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ለዚህች ሴት በመጀመሪያ የሐዘን ስም ነበር። ሆኖም ክራፕፍ ሲጠይቃት እሺ አለች። በ1842 በእስክንድርያ ተጋቡ።

የጫጉላቸው ወራት በመንገድ ላይ አለቀ። ወደ ሸዋ ለመመለስ በባሕር ወደ ታጁራ ቢሄዱም የሸዋ በር ተዘግቶባቸው ነበር። በዚያ በኩል ሳይሆንላቸው ሲቀር በ1843 በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ለመግባት ተነሱ። ሮዚና ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች።

በሳሆ በረሃ

ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚወስደው መንገድ በሳሆ ሕዝብ በረሃ ያልፋል። በዚያ በረሃ ላይ ሮዚናን ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ያዛት። አዋላጅ የለም፣ ቤት የለም፣ አራስ የምታርፍበት አልጋ የለም። ሴት ልጅ ተወለደች። ሕፃኗ የኖረችው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አባቷ አጠመቃትና ስም አወጣላት። ስሟን ያወጣው በጀርመንኛ አልነበረም፤ በእኛው በአማርኛ እንባ አላት።

ከዛፍ ሥር ቀበሯት። መንገድ መሪዎቹ ከዚያ በላይ አንጠብቅም ስላሉ እናቲቱ በወለደች በሦስተኛው ቀን ተነስታ ጉዞዋን ቀጠለች። በአገራችን አራስ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ እያለ የሚገባው ጎረቤት፣ ከአጠገብ የማይለዩ እናት። ሮዚና ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላገኘችም። ልጇን ከዛፍ ሥር ትታ በበረሃ መንገድ ሄደች። ያ ሁሉ ድካም ተደክሞም ትግራይ ውስጥ የመቆየት ፈቃድ አላገኙም፤ ወደ ባሕሩ ተመለሱ።

በእኛ አገር ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ተብሎ ይሰየማል። ስም ታሪክ ይይዛል። ራሔልም ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ላይ ስትወልድ፣ ነፍሷ ልትወጣ ስትል የልጇን ስም ከሐዘኗ አንጻር እንዳወጣች በዘፍጥረት 35 ላይ እናነባለን። ክራፕፍ ልጁን እንባ ሲላት እምነቱን አልጣለም። ሐዘኑን ግን አልሸሸገም። በየቤተ ክርስቲያኖቻችን ልቅሶ ላይ የተቀመጠችን እናት እንዳታለቅስ የምንከለክል፣ እንባዋን እንደ እምነት ጉድለት የምንቆጥር ሰዎች ይህን ብናስተውል መልካም ነው። ዳዊት በመዝሙሩ እግዚአብሔር እንባችንን እንደሚያስቀምጥልን ተናግሯል። ጌታ ራሱ የሚያስቀምጠውን እኛ ለምን እንጠርገው ብለን እንቸኩላለን?

ሞምባሳ

የኢትዮጵያ በር ቢዘጋባቸውም ሁለቱ ወደ አውሮፓ አልተመለሱም። ክራፕፍ ከደቡብ በኩል ወደ ኦሮሞ ሕዝብ የሚያደርስ መንገድ ይኖራል ብሎ አሰበ። በኅዳር 1843 ከኤደን በአረብ ጀልባ ተነሱ። የመጀመሪያይቱ ጀልባ ውኃ ገብቶባት ከሞት ለጥቂት ተርፈው ተመለሱ። ደግመው ተነሱ። ሮዚናም እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች። በጥር 1844 ዛንዚባር ደረሱ፤ በግንቦትም ኑሯቸውን ሞምባሳ ላይ አደረጉ።

እናንተ የቆላ ልጆች የሆናችሁ የሚቀጥለውን ሳልነግራችሁ ትገምታላችሁ። በሐምሌ ወር መጀመሪያ ሁለቱንም የወባ ትኩሳት ጣላቸው። በራያም የድሮ ሰዎች ንዳድ የሚሉት ይኸው ነው፤ ስንት ቤት እንደዘጋ እናውቃለን። ሮዚና በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ራሱ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነበር። ሞት እንደቀረበ ባወቀች ጊዜ ስለ ዘመዶቿ፣ ስለ ወንጌሉ ሥራ፣ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብና ስለ ሱልጣኑም ሳይቀር ጸለየች። ባሏንም አንድ ነገር ለመነችው። ደሴቲቱ ላይ ሳይሆን ማዶ፣ የአገሬው ሰው በሚያልፍበት ስፍራ እንዲቀብራት፣ መቃብሯን የሚያይ ሁሉ ለምን ወደዚያ እንደመጣች እንዲያስታውስ ጠየቀችው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1844 ሮዚና ሞተች። ሕፃኗም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተከተለቻት፤ ከእናቷ አጠገብ ተቀበረች። መቃብሩ ዛሬም ከሞምባሳ ደሴት ማዶ ኒያሊ በሚባለው በኩል ይገኛል። ክራፕፍ ለላኩት ሰዎች ሲጽፍ፣ ያ ብቸኛ መቃብር በዚያ የዓለም ክፍል ሥራው እንደተጀመረ ምልክት መሆኑን ገለጸላቸው።

ከዚያ በኋላ

ክራፕፍ በዚያው ቆየ። በ1846 ዮሐንስ ሬብማን መጥቶ አገዘው፤ ራባይ በተባለው ስፍራ ጣቢያ ከፈቱ። በ1849 መጨረሻ የኬንያን ተራራ ከሩቅ አየ፤ በረዶውን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እርሱ ነው። የስዋሂሊን ሰዋስው ጻፈ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን ተረጎመ። በ1853 ጤናው ስለታወከ ከአፍሪካ ወጣ። በ1855 ግን ከማርቲን ፍላድ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተገናኘ። በእርጅናው ዘመን ጀርመን አገር ኮርንታል ተቀምጦ፣ አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ የተረጎመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንደገና ታርሞ እንዲታተም ደከመ። በኅዳር 1881 አንድ ጠዋት ከአልጋው አጠገብ እንደተንበረከከ ሞቶ ተገኘ።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ይህን ሁሉ ነው፤ ተራራውን፣ ቋንቋውን፣ ጉልበቱን። የሮዚና ድርሻ አንድ መስመር ብቻ ይሆናል። እኔ ግን ከዛፉ ሥር ያለችውን ሕፃን ማለፍ አልቻልኩም።

ለእኛ ለወላጆች

ጎብዬ ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ልጄን ስማ ሳትጠግብ አባቷ የት እንደቀረ ጠየቀቻት። ልጄም ምንም ሳታስብ አባቷ ኮንፈረንስ እንደሚኖር ነገረቻት። እናቴ ኮንፈረንስ የሚባል አገር ያለ መስሏት የት አካባቢ እንደሆነ እኔን ጠየቀችኝ። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባለቤቴ አገልጋይ ነው። ጥሪውን አከብራለሁ፣ አብሬውም እጸልያለሁ። ነገር ግን ልጅ የምትቆጥረው የዳኑትን ነፍሳት አይደለም፤ አባቷ ቤት ያደረባቸውን ሌሊቶች ነው። ከጎብዬ ስንመለስ ይህን ለባለቤቴ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በወር ሁለት ቅዳሜና እሁድ ከቤት እንደማይወጣ ወሰነ፤ አንዳንድ ጋባዦች ቅር ተሰኝተዋል፤ እኛም አገልግሎቱን ቀዘቀዘ ይሉናል ብለን ፈርተን ነበር። አሁን ልጄ አባቷ ቤት እንደሚኖር ታውቃለች።

ክራፕፍና ሮዚና ስህተት ሠሩ ልላችሁ አይደለም። ወደውና ተስማምተው የሄዱበት መንገድ ነው፤ የከፈሉትም ዋጋ ከእኛ አፍ በላይ ነው። ነገር ግን የእነርሱን መሥዋዕትነት ለራሳችን ቸልተኝነት መሸፈኛ አናድርገው። ያኔ በሳሆ በረሃ የሮዚናን ምጥ የሚያቃልል ሰው አልነበረም። ዛሬ ጤና ጣቢያ አለ፤ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር የምታርፍበት የእናቶች ማቆያም በብዙ ቦታ አለ፤ የወባ መድኃኒትና አጎበርም አለ። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ወደ ሐኪም ከማድረስ ይልቅ ለስብሰባ የሚቸኩል ወንድም ካለ፣ እምነት ብሎ የጠራውን ነገር ቆም ብሎ ይመርምር።

ደግሞም መንገድ ላይ ያሉ እናቶችን አንርሳ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ራያ ቆቦ ሲደርስ፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም እንደገና ሲያገረሽ፣ ብዙ እናቶች ልጅ አዝለው ወደ ወልድያና ወደ ደሴ በእግራቸው ተሰድደዋል። ከእነርሱ መካከል በመንገድ የወለዱ፣ በመንገድም የቀበሩ አሉ። የእነዚያ ሕፃናት ስም በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። በቤተ ክርስቲያናችሁ፣ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለች እናት ብታገኙ ለማጽናናት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ተቀመጡና የልጇን ስም ጠይቋት። ብዙዎቹ ያን ስም ጮክ ብለው ከጠሩት ዘመን ሆኗቸዋል።

ከጎብዬ ልንመለስ ስንል እናቴ ለልጄ ጥንቅሽ ቆርጣ ሰጠቻት። እሷም እየመጠጠች፣ አገዳውን ቀሚሷ ላይ እያንጠባጠበች፣ እስከ መርሳ ድረስ አልተኛችም። እኔም ልብሷ ስለ መቆሸሹ አልተቆጣኋትም። ልጅን ጭን ላይ አድርጎ መንገድ መሄድ ስጦታ መሆኑን ሮዚና አስተምራኛለች።

የምታነቡ አባቶችና እናቶች፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ከመተኛታቸው በፊት በስማቸው እየጠራችሁ ጸልዩላቸው። ስማቸውን ለምን እንዳወጣችሁላቸውም ንገሯቸው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ በመንገድ ያሉትንም ይጠብቅ። አሜን።