ከወጌሻ ቤት የወጣው ሐኪም፦ ሂዩ ኦወን ቶማስ (1834–1891 እ.ኤ.አ.)

የሐኪምን ዕውቀት ከእጅ ባለሙያ ጥበብ ጋር አዋሕደው ከተገኙት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሂዩ ኦወን ቶማስ ነው። የተወለደው በ1834 እ.ኤ.አ. በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በወጌሻነት ከታወቀ ቤተሰብ ነበር። አባቱ ኤቫን ቶማስ በሊቨርፑል ከተማ ስመ ጥር ወጌሻ ቢሆንም፣ የሕክምና ዲፕሎማ ስላልነበረው በተደጋጋሚ ተከሷል። ስለሆነም አምስት ወንዶች ልጆቹን ሕክምና አስተማረ።

ሂዩ በኤዲንብራና በለንደን ተምሮ በ1857 የሐኪምነት ፈቃድ አገኘ። ከአባቱ ጋር ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ አልስማማ ስላላቸው ተለይቶ የራሱን ሥራ ከፈተ። የሆስፒታል ሹመት አልነበረውም፤ ነገር ግን አንጥረኛና የቆዳ ሠራተኛ ያሉበት የራሱ ወርክሾፕ ነበረው። እሑድ እሑድም ድኾችን በነፃ ያክም ነበር።

በ1875 ስለ ዳሌ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያዎች ሕመም መጽሐፍ አሳተመ። ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራበት ምርመራም የዚሁ ጥናቱ ፍሬ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያው ታጥፎ የቀረበት በሽተኛ በጀርባው ሲተኛ ወገቡን ከጠረጴዛው ስለሚያነሣ እግሩ በደንብ የተዘረጋ ይመስላል። የዳሌው አጥንት ወደ ጎን ሲያዘነብል ደግሞ፣ የእግሩ አጥንት ሳያጥር እግሩ አጥሮ ይታያል። ቶማስ ጤነኛው ጉልበት ወደ ደረት እንዲታጠፍ አደረገ። በዚህን ጊዜ ወገቡ ከጠረጴዛው ጋር ይገጥማል፤ የታመመው ጭን ግን ሳይወድ ይነሣል። የተነሣበት ማዕዘን የጉድለቱ ልክ ነው። አካል የአንዱን ክፍል ጉድለት በሌላው ሲያካክስ፣ ማካካሻው ሳይወገድ የተወሰደ ልክ እንደሚያሳስት ዘዴው ያስረዳል። ዛሬም የእግር ርዝመት ልዩነት ሲመረመር፣ ከዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ እስከ ውስጠኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ የሚለካው እውነተኛ ርዝመት፣ ከእምብርት ከሚለካው የይምሰል ርዝመት ተለይቶ ይመዘገባል።

ሁለት የብረት ዘንጎችና በቆዳ የተለበጠ ቀለበት ያሉት የእግር መደገፊያው ይበልጥ አስጠርቶታል። ቀለበቱ ብሽሽት ላይ አርፎ የመሳቢያውን ኃይል ለዳሌ አጥንት ያስተላልፋል፤ የተሰበረው አጥንትም ተስቦ ሳይነቃነቅ ይቆያል።

የሙያ ባልደረቦቹ በሕይወት ሳለ እምብዛም አላደመጡትም፤ በ1891፣ በ56 ዓመቱ ሞተ። ከእርሱ ዘንድ ሙያውን የቀሰመው የባለቤቱ የወንድም ልጅ ሮበርት ጆንስ ግን መደገፊያውን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሥራ ላይ እንዲውል አደረገ። የጭን አጥንታቸው በጥይት የተሰበረ ብዙ ወታደሮችም በዚያ ቀላል የብረት ሥራ ከሞት ተረፉ።