የፊልሙ ተማሪ ፑዶቭኪን

ቭሴቮሎድ ፑዶቭኪን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. በሩስያ አገር ፔንዛ በምትባል ከተማ ተወለደ። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሲማር ሳለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ዘምቶ ቆሰለ፤ ተማርኮም ሦስት ዓመት ያህል በጀርመን እስረኛ ሆኖ ቆየ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ አሜሪካዊው ግሪፊዝ የሠራውን «ኢንቶለራንስ» የተባለ ፊልም ቢያይ እጅግ ተደነቀ፤ ዕድሜው ወደ ሠላሳ ሲጠጋም እንደ ገና ተማሪ ሆነ።

በመምህሩ በኩሌሾቭ ዘንድ የፊልም ጥቅልል እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ተማሪዎቹ ትርኢቱን ያለ ፊልም ይለማመዱ ነበር። የአንድን ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት ከሾርባ ሳሕን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከምትጫወት ሕፃን ጋር በየተራው ቀጠሉት። ፑዶቭኪን እንደ ተረከው፣ ተመልካቹ በዚያው ፊት ላይ ትካዜን፣ ሐዘንንና ደስታን አየ። እርሱም የፊልም ኃይል በአቀጣጠሉ እንደ ሆነ ተረዳ።

በ1925 ዓ.ም. ከሽፒኮቭስኪ ጋር ሆኖ፣ በሞስኮ የተደረገውን እውነተኛ የቼዝ ውድድር ከቀልድ ታሪክ ጋር ቀጣጥሎ «የቼዝ ትኩሳት» የተባለውን አጭር ፊልም ሠራ። በ1926 ዓ.ም. የወጣው «እናት» ስሙን በዓለም አስጠራ። በ1953 ዓ.ም. ዐረፈ።

እኛም ተማሪዎች መሣሪያ እስኪሟላልን ድረስ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥ ከሆነ፣ ያለ ፊልም ፊልምን የተማረውን ይህን ሰው እናስታውስ።