ሳዲ ካርኖ፤ የሙቀት ሞተርን ወሰን ያገኘው መሐንዲስ

ስሙ በማናቸውም የምህንድስና ትምህርት ቤት የሚነሣው ሳዲ ካርኖ በሕይወት ሳለ ከጥቂቶች በቀር የሚያውቀው አልነበረም። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1796 በፓሪስ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ላዛር ካርኖ የአብዮቱን ጦር ያደራጁ መኰንንና ስለ ማሽኖች የጻፉ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። ልጁም በ1812 ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም በሜትዝ ወታደራዊ ምህንድስና ተማረ። ናፖሊዮን በ1815 ከወደቀ በኋላ ግን አባቱ ተሰደዱ፤ የካርኖ ስምም ለወጣቱ መኰንን መሰናክል ሆነበት። በ1819 በግማሽ ደመወዝ ፈቃድ ወስዶ በፓሪስ ለምርምር ተቀመጠ።

በዚያን ጊዜ የእንፋሎት ሞተር ከሚያቃጥለው ከሰል ወደ ሥራ የሚለውጠው እጅግ ጥቂቱን ነበር። መሐንዲሶች በእንፋሎት ፈንታ አየር ወይም የአልኮል ተን ቢተካ ይሻል እንደሆነ ይከራከሩ ነበር። ካርኖ ግን ጥያቄውን ለወጠው፤ ከማናቸውም ሞተር የሚገኘው ሥራ ወሰን አለውን? ብሎ ተነሣ። የውሃ ወፍጮ ኃይል በፏፏቴው ከፍታ እንደሚወሰን ሁሉ፣ የሙቀት ሞተርም ወሰን በሙቁና በቀዝቃዛው መካከል ባለው ልዩነት እንጂ በፈሳሹ ዓይነት እንደማይወሰን አስረዳ። ይህንንም በ1824 በራሱ ወጪ በ600 ቅጂ አሳተመ።

መጽሐፉ በሳይንስ አካዳሚ መልካም አስተያየት ቢያገኝም፣ ሞተር ሠሪዎች ሳይጠቀሙበት ቀሩ። ደራሲው በ1832 በ36 ዓመቱ በኮሌራ ሞተ፤ ተላላፊ በሽታ በመሆኑም ከንብረቱና ከጽሑፎቹ ብዙው ጠፋ።

ሥራውን ከመረሳት ያዳነው ሌላው መሐንዲስ ክላፔይሮን ነው፤ በ1834 ሐሳቡን በሒሳብና በሥዕል አቀረበው። ከዚያ ተነሥቶ ቶምሰን በ1848 ፍጹም የሙቀት መለኪያን አወጣ፤ ክላውዚየስም በ1850 ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ደነገገ። ካርኖ በመጽሐፉ ሙቀትን እንደማይጠፋ ፈሳሽ ቈጥሮ ነበር፤ ወንድሙ በ1878 ያሳተማቸው ማስታወሻዎች ግን ይህን እምነት ትቶ ሙቀት ወደ ሥራ እንደሚለወጥ መገንዘቡን አሳዩ። እነዚህ ገጾች በጊዜው ታትመው ቢሆን ኖሮ ሳይንስ ብዙ ዓመት ባተረፈ ነበር።

ዛሬ በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት የሚሠራና ሙቀቱን በ30 ዲግሪ የሚያስወግድ ጣቢያ፣ እንከን ባይኖረው እንኳ ከ63 በመቶ በላይ አይደርስም። ይህን ወሰን በትዕግሥት ብዛት የሚያልፍ ባለሙያ የለም። ስለዚህ ማሽን ከማሻሻል አስቀድሞ እስከ ምን ድረስ ሊሻሻል እንደሚችል መጠየቅ፣ ካርኖ ለሙያችን የተወልን ውርስ ነው።