ሃይንሪክ ኖይሃውስ፦ የአንድ የፒያኖ መምህር ውርስ በምን ይለካል?

መግቢያ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የፒያኖ ታሪክ ውስጥ የሃይንሪክ ኖይሃውስ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሁለት ተማሪዎቹ፣ ከስቪያቶስላቭ ሪክተርና ከኤሚል ጊሌልስ ጋር ተያይዞ ነው። የመምህርን ታላቅነት በታዋቂ ተማሪዎቹ መመዘን የተለመደ ቢሆንም፣ በኖይሃውስ ረገድ ይህ መለኪያ ብቻውን አሳሳች ነው። የሕይወት ታሪኩና የተማሪዎቹ ጉዞ አንድ ላይ ሲታዩ፣ የጸናው ውርሱ ተማሪዎቹ ካገኙት ሽልማት ይልቅ ከእርሱ በኋላ በቀጠለው የማስተማር ልማድ ውስጥ ይገኛል።

አስተዳደግና ትምህርት

ኖይሃውስ በ1888 በዛሬዋ ዩክሬን በምትገኘው በኤሊሳቬትግራድ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱና እናቱ ሁለቱም የፒያኖ መምህራን ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ልጆች ሲያስተምሩ ስለሚውሉ ለራሳቸው ልጅ የሚተርፍ ጊዜ አልነበራቸውም። ልጁም በአመዛኙ በራሱ ጥረት ተማረ። የእናቱ ወንድም ፌሊክስ ብሉመንፌልድ፣ ኋላ ቭላድሚር ሆሮዊትዝን ያስተማረ ስመ ጥር ሙዚቀኛ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ካሮል ሺማኖቭስኪም የቅርብ ዘመዱ ነበር።

ወጣቱ ኖይሃውስ በበርሊን፣ ቀጥሎም እስከ 1914 በቪየና፣ በሊዮፖልድ ጎዶቭስኪ ሥር ተማረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወደ ሩሲያ ተመለሰ። በቲፍሊስና በኪዬቭ ካስተማረ በኋላ በ1922 ወደ ሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ተዛወረ፤ በተቋሙም፣ ጦርነት ከለየው ጊዜ በቀር፣ በ1964 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ አገለገለ። ከ1935 እስከ 1937 የተቋሙ ዳይሬክተር ነበር። እጆቹ በተፈጥሮ ትንንሽ ነበሩ፤ በ1933 የያዘው ከባድ ሕመም ደግሞ ቀኝ እጁን አዳከመው። የራሱ የመድረክ ሕይወት በዚህ ምክንያት ሲወሰን የማስተማሩ ሥራ ይበልጥ ገነነ።

የክፍሉ አሠራር

የኖይሃውስ ትምህርት የሚሰጠው በዝግ በር አልነበረም። አንዱ ተማሪ ሲጫወት ሌሎቹ ተማሪዎችና ከውጭ የመጡ እንግዶች ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ስለዚህ ለአንዱ የተሰጠው እርማት ለሁሉም ትምህርት ይሆን ነበር። ተማሪው የሙዚቃውን ጽሑፍ እንደ ኦርኬስትራ መሪ አስቀድሞ በአእምሮው እንዲያጠና፣ የእያንዳንዱንም ድምፅ ቦታና ክብደት እንዲለይ ይጠበቅበታል።

በ1958 የታተመው የፒያኖ አጨዋወት ጥበብን የሚመለከተው መጽሐፉ የዚህን አሠራር መሠረት ያሳያል። የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል ራሱ አቋም ነው፦ በመጀመሪያ የሙዚቃው ሥራ ጥበባዊ ምስል፣ ቀጥሎ ምት፣ ከዚያም ድምፅ፣ የጣት ቴክኒክ ግን ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ስለ ድምፅ ሲያስተምር ሁለት ወሰኖችን ያመለክታል፤ አንደኛው ቁልፉ እጅግ ለስልሶ በመነካቱ ድምፅ ገና የማይወለድበት፣ ሁለተኛው ኃይል በመብዛቱ ድምፁ ወደ ጩኸት የሚለወጥበት ነው። የፒያኒስቱ ሥራ በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል ያለውን ሰፊ መስክ በጆሮው ማወቅ ነው።

እስርና ግዞት

በ1941 የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቃረብ ኖይሃውስ ከተማዋን ለቅቆ አልወጣም ነበር። ይህ ከጀርመናዊ የዘር ሐረጉ ጋር ተደምሮ ጥርጣሬን አስከተለበት፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ተይዞ ለስምንት ወራት ያህል ታሰረ። ከዚያም ወደ ኡራል አካባቢ ተግዞ በስቨርድሎቭስክ ኮንሰርቫቶሪ አስተማረ። ወደ ሞስኮ የተመለሰው በ1944 ነበር።

የተማሪዎቹ ጉዞ

ከ1930ዎቹ ተማሪዎቹ በይበልጥ የታወቁት ሦስቱ፣ ያኮቭ ዛክ፣ ጊሌልስና ሪክተር፣ ከኦዴሳ ከተማ የመጡ ነበሩ። ዛክ በ1937 በዋርሶው የሾፓን ውድድር አንደኛ ወጣ። ጊሌልስ በ1938 በብራስልስ አንደኛ ሆነ። ይሁን እንጂ ጊሌልስ ወደ ኖይሃውስ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1933፣ ገና በ16 ዓመቱ የመላው ሶቪየት ኅብረትን ውድድር አሸንፎ ነበር፤ እውነተኛ መምህሩ አድርጎ የሚቆጥራትም የኦዴሳዋን በርታ ራይንግባልድን ነበር። ሪክተርም በ1937 ሲመጣ በኦዴሳ ኦፔራ ቤት ዘማሪዎችን በፒያኖ የሚያለማምድ፣ በአብዛኛው በራሱ የተማረ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። የፖለቲካ ትምህርቶችን ባለመከታተሉ ከኮንሰርቫቶሪው ሲባረር ኖይሃውስ ከጎኑ ቆመ፤ በቤቱም አስጠጋው።

እነዚህ ማስረጃዎች የኖይሃውስን ድርሻ አያሳንሱም፤ ምንነቱን ግን ያጠራሉ። ሦስቱም ጣታቸው የሠለጠነ ሆነው ነው የመጡት። ከእርሱ ያገኙት የሙዚቃ ጽሑፍን የማንበብና ድምፅን የመስማት ትምህርት ነው። የሪክተርና የጊሌልስ አጨዋወት እርስ በርሱ አለመመሳሰሉም ክፍሉ አንድ ወጥ ስልት የሚጫንበት ስፍራ እንዳልነበረ ያመለክታል።

የቀጠለው ልማድ

ውርሱ በግልጽ የሚታየው መምህራን በሆኑት ተማሪዎቹ ነው። ዛክ፣ ቬራ ጎርኖስታየቫና ረዳቱ የነበረው ሌቭ ናውሞቭ በዚያው በሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። ናውሞቭ አንድሬይ ጋቭሪሎቭን አፍርቷል። ከጎርኖስታየቫና ከናውሞቭ የተማረው ሰርጌይ ባባያን ደግሞ በአሜሪካ ዳኒል ትሪፎኖቭን አስተምሯል። ሮማንያዊው ራዱ ሉፑ በኖይሃውስ የጀመረውን ትምህርት፣ መምህሩ ከሞተ በኋላ፣ ከልጁ ከስታኒስላቭ ኖይሃውስ ዘንድ ቀጥሎ በ1966 የቫን ክላይበርንን፣ በ1969 የሊድስን ውድድር አሸንፏል።

ማጠቃለያ

የኖይሃውስ ታሪክ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን የማስተማር ውርስ ለሚያጠኑ አንድ ጥንቃቄ ያስተምራል። የታዋቂ ተማሪዎች ዝርዝር ማን በማን ክፍል እንዳለፈ ይነግራል እንጂ ምን እንደተላለፈ አይነግርም። ይህን ለማወቅ ተማሪው ሲመጣ ምን ይዞ እንደነበር፣ በኋላም ለሌላ ምን እንዳስተላለፈ መመርመር ያስፈልጋል። በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ እጁ የደከመው መምህር ያወረሰው ዋነኛ ነገር ክፍት ክፍልና ከጣት በፊት ጆሮን የሚያስቀድም ሥርዓት ነው።