የበስራው ሐሪሪና ነጥብ የለሹ ኹጥባ

ዐረብኛን ከቁርኣን ንባብ አልፈው በትርጉሙ ሊያውቁት የሚሹ ወንድሞችና እህቶች ዘወትር የሚጠይቁኝ ኪታብና አስተማሪ ነው። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ነሕውን እንደ ኮሶ በአንድ ትንፋሽ ሊጨልጡት ስለሚነሱ ብዙም ሳይቆዩ ይተዉታል። ስለ አል-ሐሪሪ ለመጻፍ የተነሳሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አቡ ሙሐመድ አል-ቃሲም ኢብኑ ዐሊ አል-ሐሪሪ በ446 ዓመተ ሒጅራ (1054 እ.ኤ.አ.) በኢራቅ፣ በበስራ አቅራቢያ ተወለዱ። የቀሩት በበስራ ዑለማዎች ዘንድ ነው። የከተማዋን ወሬ ለባግዳድ የሚያስተላልፉ የመንግሥት ሹምና ብዙ የተምር ዛፍ ያላቸው ባለጸጋ ነበሩ። መልካቸው እምብዛም እንደነበርና ሲያስቡ ጢማቸውን የመንጨት ልማድ እንደነበራቸው ይነገራል።

እንደሚተረከው፣ አንድ ቀን በሰፈራቸው በበኑ ሐራም መስጊድ ልብሱ የነተበ ሽማግሌ ተነስቶ በሚያስደንቅ አንደበት ምጽዋት ለመነ። ማታ ወሬው ሲነሳ፣ ያ ሰው በሌሎች መስጊዶችም ሌላ ሌላ ታሪክ እየፈጠረ ሲለምን መዋሉ ታወቀ። ሐሪሪ በዚህ መነሻ አቡ ዘይድ አስ-ሰሩጂ የተባለውን ተንከራታች አንደበተ ርቱዕ ፈጥረው «መቃማት» የተሰኙትን ትረካዎች መጻፍ ጀመሩ።

አርባውን ይዘው ባግዳድ በገቡ ጊዜ ግን ምቀኞች ሥራው የእርሳቸው አይደለም፣ ከሞተ እንግዳ ሰው ወረቀት የተወሰደ ነው አሉ። ያንተ ከሆነ እዚሁ አንድ ጻፍ ተባሉ። ቀለምና ወረቀት ይዘው ጥግ ላይ ረጅም ጊዜ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልመጣላቸውም። ጢማቸውን ሲነጩ ያየ ባለቅኔ በግጥም ተሳለቀባቸው። በበኩሌ ከሕይወታቸው ሁሉ የምወደው ይህንኑ ክፍል ነው፤ የዐረብኛ ቁንጮ የሚባል ሰው በሰው ፊት ቃል ካጣ፣ በሁለት ዓመት ትምህርት አፉ የሚያዝበት ጀማሪ ምን ያሳፍረዋል? ሐሪሪ በስራ ተመልሰው አሥር ጨመሩ፤ መቃማቱም 50 ሆኑ።

የቃላት ጨዋታው የበዛው በእነዚህ ውስጥ ነው። ከ28ቱ የዐረብኛ ፊደላት ነጥብ የሌላቸው 13 ብቻ ናቸው። ሐሪሪ በእነዚህ 13 ብቻ፣ አንድም ነጥብ ሳይገባበት፣ ሙሉ ኹጥባ ጻፉ። አንዱ ቃል ባለነጥብ ቀጣዩ ነጥብ የለሽ የሆነበት ደብዳቤም አለ፤ ከኋላ ወደፊት ቢነበብ ያው የሚሆን ሐረግም አለ። ይህን ከንቱ ልፋት የሚሉ አልጠፉም። እኔ አልስማማም። ያንን ኹጥባ የሚያነብ ደረሳ በየቃሉ ላይ ነጥብ ሲፈልግ፣ ሳይታወቀው የቃሉን ሥርና ርቢ ይመረምራል። በሰምና ወርቅ ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አቡ ዘይድ አታላይ ነው የሚለው ወቀሳም አለ፤ ነገር ግን በሃምሳኛው መቃማ በበስራ መስጊድ ተውበት ያደርጋል።

ሐሪሪ በሕይወት ሳሉ 700 ቅጂዎችን አንብበው እንዳጸደቁ ተዘግቧል። በ1237 እ.ኤ.አ. አል-ዋሲጢ በሥዕል ያስዋበው ቅጂ ዛሬ ፓሪስ ይገኛል።

እኚሁ ሰው «ዱረቱል ገዋስ» በተባለው ኪታባቸው የተማሩ ሰዎች በንግግር የሚሠሩትን ስህተት አንድ በአንድ አርመዋል፤ ለጀማሪዎች ደግሞ «ሙልሐቱል ኢዕራብ»ን፣ 400 በይት የማይሞላ የነሕው ግጥም፣ ጽፈዋል። በ516 ዓመተ ሒጅራ (1122 እ.ኤ.አ.) በበስራ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

እንግዲህ ኪታብ ለምትጠይቁኝ፣ በሙልሐ ጀምሩ እላለሁ። ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ከነሸርሑ ፈልጉት፤ ሸርሑን የጻፉት ራሳቸው ሐሪሪ ናቸውና። መቃማቱን ግን ያለ አስተማሪ አትክፈቱ።