ሌቦች ያስተዋወቁት ደራሲ

ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያነባል። አመል ሆኖብኝ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። የሚያነበው የእኔን መጽሐፍ ነበር! ከዕቁብ ባገኘሁት ገንዘብ 1,000 ቅጂ ያሳተምኩት፣ ግማሹ እስካሁን በካርቶን ሆኖ አልጋዬ ሥር የተኛው መጽሐፍ። አንዱ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ለአገር ምድሩ አድሎታል። ልጁ ማየቴን አይቶ ኖሮ፣ ይህ መጽሐፍ እንዳያመልጠኝ መከረኝ። ከፈለግሁም እዚያው በነፃ ሊልክልኝ ተዘጋጀ።

ልናደድ ወይስ ልደሰት? ግራ ገባኝና ዝም አልኩ። ያኔ ነው ቻርልስ ዲክንስ ትዝ ያለኝ።

ዲክንስ በ1812 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፖርትስመዝ በምትባል የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ተወለደ። 12 ዓመት ሲሆነው አባቱ ዕዳ መክፈል አቅቶት ለንደን ውስጥ ማርሻልሲ በሚባለው እስር ቤት ገባ። ልጁም በሳምንት 6 ሽልንግ እየተከፈለው የጫማ ቀለም ዕቃ ላይ ምልክት ሲለጥፍ ይውል ጀመር። ይህችን ልብ በሉልኝ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ለገንዘቡ ሲሟገት የኖረው ወዶ አይደለም።

በ24 ዓመቱ “ፒክዊክ ፔፐርስ” በየወሩ፣ ክፍል በክፍል፣ በአንድ ሽልንግ መሸጥ ጀመረ። ታሪኩ ሲገባደድ በወር 40,000 ያህል ቅጂ ይሸጥ ነበር። እንግሊዝ አገር ኪሱ ሞላ። አሜሪካስ?

የዚያን ጊዜ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የውጭ ደራሲን አያውቀውም። የዲክንስ መጽሐፍ በመርከብ ቦስተን ወይም ኒውዮርክ በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ አሳታሚዎቹ ተሻምተው ያትሙትና በርካሽ ይቸበችቡታል። ለደራሲው በሕግ የምትደርሰው ሳንቲም የለችም። በአገራቸው ሕግ ሌብነት አይደለም፤ በዲክንስ ዓይን ግን ከሌብነትም የባሰ ነበር።

በ1842 ራሱ አሜሪካን ሊያይ ሄደ። ኒውዮርክ ላይ ለክብሩ በተደገሰው የዳንስ ምሽት 3,000 ያህል ሰው ተገኘ። ገና 30 ዓመት የሞላው ደራሲ ነው እንግዲህ! ባሕር ማዶ ይህን ሁሉ ወዳጅ በብዛት ያፈሩለት እነዚያው በነፃ የሚያትሙት ናቸው። እሱ ግን ቦስተንና ሃርትፎርድ ላይ በተደረገለት የእራት ግብዣ ተነስቶ የደራሲ መብት ይከበር ሲል ተናገረ። ጋዜጦቹ ጋብዘነው ሰደበን ብለው ወረዱበት። አንዳንዶቹ ራሳቸው የእንግሊዝ ድርሰት በነፃ እያተሙ የሚኖሩ ነበሩ። ተመልሶ ስለ ጉዞው የጻፈውን መጽሐፍ ሳይቀር ወዲያው አትመው ሸጡት።

አገሩም ላይ ቢሆን አልቀናውም። “ኤ ክሪስማስ ካሮል” በ1843 ታኅሣሥ እንደወጣ የለንደን አሳታሚዎች ቆራርጠው አተሙት። ከሰሰ፤ ረታ። ተከሳሾቹ ግን ከስረናል ብለው አረፉት፤ 700 ፓውንድ ያህል የሙግት ወጪ እሱው ላይ ወደቀ። ረትቶ ከሰረ ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ ቀስ እያለ የተገለበጠው በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁሉም በነፃ የሚያትም ከሆነ የሚያተርፈው ቀድሞ ያተመ ነው። ለመቅደም ደግሞ ጽሑፉን ገና ሳይታተም ከደራሲው እጅ ማግኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሕግ ሳያስገድዳቸው መክፈል ጀመሩ። የኒውዮርኩ ሃርፐር ለ“ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ” ገንዘብ ከፈለ።

በ1867 መጨረሻ ዲክንስ እንደገና አሜሪካ ገባ። አሁን ሊሟገት ሳይሆን መድረክ ላይ ወጥቶ ሊያነብ ነው። ሕዝቡ ትኬት ለመግዛት በክረምት ብርድ ሌሊቱን ተሰልፎ አደረ። በርካሽ ቅጂ ሲያነቡት የኖሩ ሰዎች አሁን ከኪሳቸው አወጡ። 76 ጊዜ አነበበ፤ ወጪው ተቀንሶ 19,000 ፓውንድ ያህል ይዞ ተመለሰ። ሲሞት የተወው ሀብት 93,000 ፓውንድ ገደማ ስለነበር፣ አምስት እጅ ካደረግነው አንዱን እጅ ያገኘው በዚያ ጉዞ ነው። መጽሐፉን ማንም ያትመዋል፤ ድምፁን ግን መቅጃ መሣሪያው እንኳ ገና አልተፈለሰፈም።

እዚህ ላይ አቁሜ ስርቆት በረከት ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን ውሸት ይሆናል። ዲክንስ ያንን ጉዞ የጨረሰው ታሞ፣ እህል እምቢ ብሎት፣ እያነከሰ ነው። ሰኔ 9 ቀን 1870 በ58 ዓመቱ አረፈ። አሜሪካ የውጭ ደራሲን መብት በሕግ ያወቀችው ከዚያ 21 ዓመት ቆይታ፣ በ1891 ነው። የራሷ ደራሲዎችም ቢሆኑ ተጎድተዋል፤ የዲክንስን በነፃ የሚያትም አሳታሚ ላልታወቀ የአገሩ ልጅ ለምን ብሎ ይከፍላል?

እኔ የገባኝ ይህ ነው። በነፃ የሚዞር ቅጂ አንባቢ ያመጣል እንጂ እንጀራ አያመጣም። እንጀራው የሚመጣው ያ አንባቢ ደራሲውን ፈልጎ የሚመጣበት በር ሲከፈት ነው። ዲክንስ በሩን ለመክፈት 25 ዓመት ፈጀበት፤ ጤናውንም ከፈለበት።

ሜክሲኮ ልንደርስ ስንል ረዳቱ ሒሳብ አለ። ልጁ ቀድሞኝ የሁለት ሰው ከፈለ። ብከለክለው እምቢ አለ። ደራሲው እኔ ነኝ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሳልናገር ወርዶ ከሰው ጋር ተቀላቀለ።

ስልክ ለስልክ ከሚዞረው መጽሐፌ እስካሁን ያገኘሁት ገቢ ያች የታክሲ ሒሳብ ናት። ካርቶኖቹን ከአልጋ ሥር አውጥቼ፣ አንድ ቡና ቤት ጥግ ይዤ፣ ጮክ ብዬ ማንበብ ልጀምር ነው። ልጁ ከመጣ ቡናው በእኔ ነው።