ሸይኽ ሑሰይን አል-ጂስር፦ ጥያቄን ያልፈሩ ዓሊም

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘዋት የሚመጡት አንዲት ጥያቄ ብዙ ወላጆችን ታስጨንቃለች። የባዮሎጂ መምህሩ ስለ ዝግመተ ለውጥ ያስተምራል፤ ቁርኣን ስለ አደም (ዐ.ሰ.) ይነግረናል። ታዲያ ልጁ የቱን ይተው? ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ የዛሬ ብቻ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በድፍረት የመለሱት ዓሊም ነበሩ።

ሸይኽ ሑሰይን አል-ጂስር እ.ኤ.አ. በ1845 በዛሬዋ ሊባኖስ፣ በትሪፖሊ ከተማ ተወለዱ። አባታቸውን ያጡት ገና በሕፃንነታቸው ነው። በአል-አዝሀር ተምረው ሲመለሱ፣ በሻም ምድር የሚስዮናውያን ትምህርት ቤቶች ተስፋፍተው ነበር። ሸይኹ በማውገዝ ብቻ አልተወሰኑም። የዲንን ትምህርት ከሒሳብ፣ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከፈረንሳይኛ ጋር አጣምሮ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይቆይ ቢዘጋም፣ ኋላ ስማቸው የገነነው ረሺድ ሪዳ ከተማሪዎቹ አንዱ ነበሩ።

የዳርዊን መጽሐፍ በ1859 ከታተመ በኋላ፣ አንዳንድ የዐረብ ጸሐፊዎች ንድፈ ሐሳቡን ፈጣሪን ለመካድ ተጠቀሙበት። ሸይኹ በ1888 ባወጡት «አር-ሪሳለቱል ሐሚዲያ» መልስ ሰጡ። ሚዛናቸው ቀላል ነው፦ የቁርኣን ግልጽ ትርጉም አይተውም፤ ቁርጥ ያለ ማስረጃ ከመጣ ግን አንቀጹ ከዚያ ጋር ተስማምቶ ሊተረጎም ይችላል። በእርሳቸው ዘመን የቀረበው ማስረጃ ግምት እንጂ ቁርጥ ስላልመሰላቸው ግልጹን ትርጉም ያዙ። ቢሆንም በሩን አልዘጉም። አላህ ፍጡራንን በአንድ ጊዜ ቢፈጥርም ቀስ በቀስ ቢያስገኝም ፈጣሪነቱ አይጓደልምና።

ሸይኹ በ1909 ወደ አኺራ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ማስረጃው እጅግ በዝቷል። በ1974 በአገራችን አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ (ሉሲ) 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት። የዘር ውርስ ጥናትም ብዙ ጨምሯል። በአደም አፈጣጠር ላይ ዑለማእ ዛሬም ይለያያሉ። ሸይኹ የተዉልን ግን ያለቀለት ፍርድ ሳይሆን መንገድ ነው፦ ማስረጃን መመርመር፣ ላለመፍራት በአላህ መተማመን።

አጥንት የአካላችንን ታሪክ ይናገር ይሆናል። ለምን እንደተፈጠርን ግን በአጥንት አይለካም። ዒባዳ፣ አማናና በምድር ላይ ኸሊፋ መሆን የሰው ልጅ ዓላማ ናቸው። ስለዚህ ልጃችሁ ሲጠይቅ አትቆጡት፤ አብራችሁት ተቀምጡና ተማሩ። ወላሁ አዕለም።